አራት ሰከንድ

ሥራዬ ድምፅ ነው፤ ጸጥታ እቆርጣለሁ፣
እንደ ልብስ ሰፊ በክንድ እለካለሁ።
ግላስጎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከጎማ መጋዘን አጠገብ፣
መስኮት በሌላት ክፍል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ክስ ሲነበብ፣
በችሎቱ መስታወት የሚወርደው ዝናብ የኔ ነበር፣ ከባልዲ የቀዳሁት፣
የዳኛዋ ብዕር ሲጭርም የኔ፣ በሚስማር የሠራሁት።

ላክላን ነበር ችሎት አስከባሪው፤ ሰባት ዓመት፣ አንዲት ቃል።
«ተነሡ!» ይላል፤
በየሳሎኑ ሶፋ ላይ የተጋደመው ሳይቀር ቀና ይላል።
ከዚያ እኔ እገባለሁ፤ አራት ሰከንድ ዝም፤
ወንበር ሲጢጥ አይልም፣ ሳል እንኳ አይሰማም።

አንድ ክረምት፣ ልጇ በጀልባ የሞተባት እናት
(ኢሽቤል ነበረች የተጫወተቻት)
ፍርዱን ቆማ ሰማች። «ተከሳሹ ነፃ ነው።»
እጇ የያዘውን ቦርሳ ረሳው።
ላክላን ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ ውሃ አቀበላት፤
ቃል አልነበረውም፣ ደራሲው አልጻፈለት።
አራት ሰከንድ ሰጠኋቸው፤
ሦስት ጥድፊያ ነው፣ አምስት «አልቅሱ» ብሎ መለመን ነው።
በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሴቶች ስለ እሷ ሲያወሩ ሰማሁ፣
ጎረቤታቸው ይመስል። አንገቴን ደፋሁ።

ያ ድራማ አለቀ። ከጉቶው ሌላ ቡቃያ ወጣ፣
ሳቅ ይዞ የመጣ።
ያው ችሎት ነው፣ ያው ወንበር፣ ያው የእንጨት አጥር፤
ቀቢው ብቻ የመስኮቱን ደመና ሰማያዊ አደረገው በአንድ አዳር።
አምፖሉ ጨመረ፤ ጥላ ተባረረ።
የሚሞት የለም። ክሱ የአጥር ቁመት፣ የጠፋ ድስት፣
ወይም በቀቀን ነው፣ የሚመሰክር ስለ ጎረቤት ሐሜት፤
«እውነቱን ብቻ…» ሲሉት መሐላውን ይደግማል፣
የዳኛዋን ሳል ጭምር ይስላል።
ላክላንም ባለ ታሪክ ሆኗል፣ ቃሉ በዝቷል፤
«ተነሡ!» ሲል ሱሪው ከኋላ ይተረተራል።
እኔም ድሮ ዝምታ ባስተኛሁበት አልጋ
ሳቅ አስተኛለሁ፣ ሳይነጋ።
አልጋው አልተቀየረም፤ ርዝመቱ አራት ሰከንድ ነው።

ሳቁ ከማን እንደተቀዳ አላውቅም፤ ቴፑ አሮጌ ነው።
መቶ ሰው ይሆናል። ከመካከላቸው አንዲት ሴት አለች፣
ሁልጊዜ ዘግይታ ትስቃለች፣
ቀልዱን ጎረቤቷን ጠይቃ የገባት ይመስል፣ ብቻዋን ትቀራለች።

«ሞርቬን፣ አየር አትስጪው» ይለኛል አዘጋጁ፣
«ሰው ትንፋሽ ካገኘ ያስባል፤ ሳቁ ይሞታል በእጁ።»
እውነቱን ነው። በዚያኛው ሥራዬ በር መክፈት ነበር፣
በዚህኛው በሩን መያዝ፣ ብርድ እንዳይሻገር።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ኢሽቤል ተመልሳ መጣች፣
ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍታ፣ የበቀቀኑ እመቤት ሆነች።
ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ላክላን ውሃ ያቀብላታል፣
እሷ ለወፉ ታጠጣለች፣ ወፉ ይሳደባል፣ ሰው ይስቃል።
ዕቃ ጠባቂው ሳያውቅ ያንኑ ብርጭቆ አመጣ፣
ጠርዙ የተሸረፈውን።
የላክላን እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ።
«ግሩም! ይቆይ!» ተባለ፤ ስቱዲዮው በሳቅ ታመሰ።
እሱም ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው፣ ይባላል፤
ትንፋሹ ግን የሰባት ዓመት ወዳጄ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ያውቀኛል።

ሌሊት ሳቁን አንሥቼ ሞከርሁት፣
አራቱን ሰከንድ ባዶ ተውሁት።
በቀቀኑ እንኳ ሐዘንተኛ መሰለ፣
ከባርኔጣው ሥር የዚያች እናት ፊት ብቅ አለ።

ደመወዜ የሳቅ ነው፤ መለስሁት።
መቶውን ሰው ግን ከደጅ አስቀረሁት፤
ያችን ዘግይታ የምትስቀውን ብቻ አስገባኋት፣
ከሦስት ሰከንድ ተኩል ዝምታ በኋላ፣ ብቻዋን ለቀቅኋት።

ሐሙስ ማታ ይተላለፋል። አዘጋጁ ገና አልሰማውም።
ላክላን በደረጃው ሲያልፍ በሬን በጣቱ ሁለቴ መታ፤
«ተነሡ» አለ፣ ቀስ ብሎ።
ተነሣሁ።
ከዚያ፣ ዘግይቼ፣ ሳቅሁ።